የአርባ ቀን ዕድል ነውን?

በገሱባ ገበያ ዳር አንድ ሽማግሌ እግራቸውን በጋቢ ሸፍነው ተቀምጠው አገኘናቸው። ከፊታቸው ጥቂት ዝንጅብል ዘርግተዋል። ሻጩም ገዢውም መሃል ገበያው ላይ ሲገፋፋ እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። «አባባ፣ ለምን ወደ ውስጥ አይገቡም?» ብለን ጠየቅናቸው። ጋቢውን ገለጥ አደረጉት። ሁለቱም እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አብጠዋል፤ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። «ምን ይደረግ ልጆቼ፣ የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» አሉን።

ይህን አባባል የማያውቅ የለም። ልጅ በተፀነሰ በአርባ ቀኑ ዕድሉ ይጻፋል ይባላል። ሰው ሲደኸይ፣ ከብቱ ሲያልቅበት፣ ትዳሩ ሲፈርስ የአርባ ቀን ዕድል ይነሣል። መጽናኛ መሆኑን አንክድም፤ ሐዘንተኛን ያሳርፋል። ነገር ግን «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ ገና ከአፍ ሳይወጣ ይዘጋዋል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ነገር የትኛው ከተፈጥሮው የመጣ ነው? የትኛው በገዛ ፈቃዱ የሆነ ነው? የትኛውንስ ሌሎች ሰዎች አደረጉበት? በዚህ ጥያቄ ላይ ታላላቅ ፈላስፎች ሲከራከሩ ኖረዋል። እኛ ግን ከሽማግሌው እግር እንጀምር።

ሕመሙ ዝሆኔ ይባላል። ዝሆኔ ከአንድ በላይ መነሻ አለው። አንዱ በቢንቢ ንክሻ ወደ ሰውነት በሚገባ ቀጭን ትል የሚመጣ ነው፤ ይህ በብዛት የቆላ አገር ሕመም ነው። በወላይታ የምናየው ግን ከአፈር የሚመጣው ነው። የወላይታ ደጋና ወይና ደጋ ቀይ አፈር ከረጅም ዘመን በፊት ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ድንጋይ የተገኘ ነው። ድንጋዩ በብዙ ዝናብ እየተፈረፈረ ዓይን የማያየው ብናኝ ይሆናል። ብናኙ በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ከብት የሚያግድ ሰው ቆዳ ውስጥ ይገባል። በሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ፣ ነጣ ያለ ውሃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ሥሮች አሉ። ብናኙ እነዚህን ሥሮች ያስቆጣል። ሥሮቹ ይቆስላሉ፣ ይጠባሉ፣ በመጨረሻም ይደፈናሉ። ቦይ ሲደፈን ውሃው ማሳ ላይ እንደሚተኛ ሁሉ እግር ውስጥም ውሃው ይተኛል። መጀመሪያ ማሳከክና ማቃጠል ነው። ከዚያ እግሩ ማታ ማታ ያብጣል፣ ጧት ይቀንሳል። ጊዜው ሲረዝም ግን ጧትም አይቀንስም።

ይህን ነገር በኢትዮጵያ አጥብቆ ያጠናው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ዕጢ ውስጥ የአፈሩን ብናኝ አገኘ። ሕመሙንም ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ በግሪክ ቋንቋ እግርና አቧራ ከሚሉ ቃላት የተሠራ ስም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕመሙን ትኩረት ከተነፈጋቸው በሽታዎች መዝገብ ያስገባው ግን በ2003 ዓ.ም. ነው። ድሃ ብቻ የሚታመመው ሕመም ሰሚ የሚያገኘው ዘግይቶ ነው።

የታማሚው ቁጥር ትንሽ አይደለም። በወላይታ ተጠንቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የታተመ ጥናት ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ ሕመሙ እንዳለበት አሳይቷል። በሌላ የወላይታ ጥናት ደግሞ ታማሚው ከመቶ የሥራ ቀን አርባ አምስቱን እንደሚያጣ ተቆጥሯል። ይህ ማለት ከአንድ ገበሬ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ጉልበት በየዓመቱ ይቀራል ማለት ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የአፈሩ ከሆነ፣ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግር ከሚውሉት ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ደህና ሆነ? ጥያቄው ተገቢ ነው። «በዘር ነው» የሚሉ ሽማግሌዎችም ጨርሰው አልተሳሳቱም። እዚሁ በደቡብ በታመሙ ቤተሰቦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወንድሙ ወይም እህቱ የታመመችበት ሰው ከሌላው ሰው አምስት ጊዜ ያህል ለሕመሙ የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ፋሲል ተኮላ የተባለው ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ጓደኞቹ 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን አነጻጽረው ነበር። ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይበት ክፍል፣ ከወላጅ በሚወረስ ነገር ምክንያት፣ ከሰው ሰው እንደሚለያይና ይህም ከሕመሙ ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ።

ስለዚህ ተፈጥሮ ድርሻ አለው። ነገር ግን ድርሻ አለው ማለት ሁሉ የእሱ ነው ማለት አይደለም። ደሙ እንደ ደረቅ ሣር ነው እንበል፤ እሳቱ አፈሩ ነው። እሳት ያልደረሰበት ሣር ሲቃጠል ማን አየ? ከዚያው ቤት የተወለደ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግና እግሩን በውሃና በሳሙና ቢታጠብ ሕመሙን መከላከል ይችላል።

እንግዲህ «ጫማ አድርግ፣ በፈቃድህ ነው» ብለን እንጨርስ? እንዲህ ቀላል ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍን። እስቲ የአሥር ዓመት ልጅ እናስብ። ደሙን አልመረጠም። የተወለደበትን ቀይ አፈር አልመረጠም። የአባቱ ኪስ ስንት እንዳለው እሱ አልወሰነም። አባቱም ቢሆን አንድ ጥንድ ጫማ ቢገዛለት ለበዓልና ለገበያ ብቻ እንዲያደርገው ያዘዋል፤ እንዳያልቅበት ነዋ! ጭቃ ሲሆን ጫማውን በእጁ ይዞ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ስንት ጊዜ አይተናል። እግር ይድናል፣ ጫማ ግን ያልቃል የሚል ሒሳብ ነው። ደግሞ ክረምት ላይ በጫማ ማረስ ከባድ ነው፤ ጭቃው ይዞ አይለቅም፣ አላፊው ይስቃል። ስለዚህ የታመመን ሰው «በስንፍናው ነው» የሚል ሰው፣ «በአርባ ቀን ዕድሉ ነው» ከሚለው የተሻለ አላወቀም።

ይሁንና የታመመው ሰው ፈቃድ ጠባብ ነው እንጂ የለም አይባልም። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ በሐኪም ምክር ጀርም በሚገድል ውሃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ይህ ምን ያህል ይረዳል? በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች ለአንድ ዓመት በተከታተሉት ጥናት ተፈትኗል፤ ውጤቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ታትሟል። ይህን ያደረጉት ሰዎች፣ በብዙ ቦታ ምች የሚባለው፣ እግር እየጋለ በትኩሳት የሚያስተኛው ሕመም ካላደረጉት ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቀነሰላቸው። ትንሽ ነው የሚል ካለ በአጨዳ ሰሞን በትኩሳት ተኝቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ጎረቤት እንምጣ። የእግሩ ሕመም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ አንድ አግዳሚ ላይ በመቀመጥ፣ እጅ በመጨበጥ አይያዝም። እንዲያም ሆኖ ታማሚው ከድግስ ይገለላል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ብቻውን ይቀመጣል፤ ከዚያ ቤት አይጋቡም። በመስከረም ጊፋታ ሲከበር የተጣላ ይታረቃል፣ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ እግሩ ያበጠው ሰው ግን ከማን ጋር ተጣልቶ ነው ጓዳ የቀረው?

ጎረቤቱ ሲጠየቅ «ልማድ ነው፣ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?» ይላል። ነገሩን ብናስተውለው ይገርማል። ታማሚው ደሙን መቀየር አይችልም፣ አፈሩን መቀየር አይችልም፣ ጫማ ለመግዛት ብር ያስፈልገዋል። ጎረቤቱ ግን ጠጋ ብሎ ለማስቀመጥ አንድ ሳንቲም አያወጣም። ከሁሉ ይበልጥ ፈቃዱ በእጁ ያለው እሱ ነው። ሆኖም «አልችልም» የሚለው እሱ ሆነ።

«ሴት ልጄን ለዚያ ቤት ብሰጥ የልጅ ልጄ ቢታመምስ?» የሚል አባት ይኖራል። ስጋቱን አንንቅም። ግን አስቀድመን እንዳልነው ልጁ የሚወርሰው ሣሩን እንጂ እሳቱን አይደለም። ደግሞም መሸሹ ራሱ ሕመሙን ያበዛል። ቤተሰቡ ስሙ እንዳይነሣ ሲል የመጀመሪያውን ማሳከክ ይደብቃል። ልጆቹን በአዘቦት ቀን ጫማ ቢያደርግላቸው «እነዚህ ምን አግኝቷቸው ነው?» ይባላል ብሎ ይፈራል። እንዲህ እያለ መታጠቢያው ጊዜ ያልፋል።

መፍራት የሰው ተፈጥሮ ነው የሚል ካለ እውነት ነው። ጫጩትም ጭልፊት ስታይ ትሸሻለች። ጫጩት ግን ቆማ «የሸሸሁት ከምንድን ነው?» ብላ አትጠይቅም። ልማድም ቢሆን ከማኅፀን ይዘነው የወጣነው አይደለም፤ ከእናት፣ ከአባት፣ ከመንደር የተማርነው ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ወላይትኛ ከመጀመሪያዎቹ አምስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ያን ጊዜ «የደረቀ ጭንቅላት ፊደል አይገባውም» የሚሉ ሞልተው ነበር። ይህን የምታነቡት እናንተም ይህ ሳይባልባችሁ አልቀረም።

በወላይታ ለዚህ ሕመም የቆሙ ሰዎች ሲሠሩ ቆይተዋል። ራሳቸው ታመው የተሻላቸው ሰዎች ሠልጥነው የሌላውን እግር ያጥባሉ፣ ያስተምራሉ። ጫማ መስፋት የተማሩም አሉ። በነገራችን ላይ በወላይታ ቆዳ የሚሠራ ሰውም እንደ ሸክላ ሠሪውና እንደ ብረት ቀጥቃጩ ሲናቅ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባ ሲከለከል የኖረ ነው። ያበጠ እግር ገበያ ከሚሸጠው ጫማ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ሰፊው እግሩን ለክቶ፣ እንደ እግሩ አድርጎ ይሰፋዋል።

ይህን ለሽማግሌው ነገርናቸው። ዝም ብለው ቆዩ። ዝንጅብላቸውን በእጃቸው ሰብሰብ፣ በተን አደረጉት። ኋላም «የእኔ እግሮች እኩል አይደሉም። ግራው ይብሳል። ለየብቻ ይለካሉ ወይ?» ብለው ጠየቁን።

ለየብቻ ይለካሉ አልናቸው።