የጥቁር አፈር እርሻና የመሣሪያ ነዳፊዎች ኃላፊነት

በሰሜን ሸዋ እነዋሪ አካባቢ ገበሬው ጥቁሩን መሬት በበሬ አርሶ ዘሩን ከበተነ በኋላ የቀረውን ሥራ የሚረከቡት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ሰፋ ያለ መደብ ይሠራሉ፤ በመደብና በመደብ መካከልም ውሃ የሚወርድበትን ቦይ ይከፍታሉ። ይህ ከአያት ቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ ዘዴ ስንዴውን ውሃ ተኝቶበት ከመበስበስ ያድነዋል። የእናቶችን ወገብ ግን እጅግ ይጎዳል።

በአንዳንድ አገር መረሬ፣ በሌላው ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውሃ ስለማያሰርግ ማሳው ኩሬ ይሆናል። በዚህም ምክንያት በብዙ ወረዳዎች ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ በመጨረሻ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ ይዘራል። መሬቱ ዋናውን የዝናብ ወራት ባዶውን ያሳልፋል፤ ጎርፍም አፈሩን ያጥበዋል።

የዓለም አቀፉ የአፍሪካ የቁም ከብት ማዕከል (ኢልካ) ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዚህ ችግር መሣሪያ ሲፈልጉ መነሻ ያደረጉት የእነዋሪን መደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ከአገር ውስጥ የግብርና ተቋሞች ጋር በተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ፕሮጀክት ውስጥም ሥራው ቀጠለ። መሣሪያው ሁለት ባህላዊ ማረሻዎችን ጎን ለጎን አያይዞ የተሠራ ነው። በማረሻዎቹ ላይ የተገጠሙት ክንፎች አፈሩን ወደ መሐል ይገፋሉ፤ ከኋላ የሚጎተተው ሰንሰለት ደግሞ መደቡን ያስተካክላል፤ ዘሩንም ያለብሳል። ሴቶች በእጃቸው ይሠሩት የነበረውን ሁለት በሬዎች ሠሩት ማለት ነው። መደቡ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ቦዩ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው።

ነዳፊዎቹ ከማረሻ መነሳታቸው ትልቅ ማስተዋል ነበር። ማረሻን ኋላ ቀር እያሉ የሚያጣጥሉ ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ሞፈሩን፣ ዕርፉንና ድግሩን ገበሬው ራሱ ከዛፍ ቆርጦ ይጠርበዋል፤ ብረቱን የሰፈሩ ቀጥቃጭ ይስለዋል፤ ማታም ሁሉንም በትከሻው ተሸክሞ በሬዎቹን እየነዳ ይገባል። ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ከውጭ የመጡት አፈር ገልባጭ የብረት ማረሻዎች እነዚህን ነገሮች ስላላሟሉ ገበሬው ብዙም አልተቀበላቸውም። ከበዱ፣ ተወደዱ፣ ሲሰበሩም ጠጋኝ አጡ። (ለዘመናት በሰፈር ሲሰደብና ሲገለል የኖረው ቀጥቃጭ የአገሪቱ የመጀመሪያ የእርሻ መሣሪያ መሐንዲስ መሆኑን ስንቶች ያስተውላሉ?)

አዲሱ የመደብ ማውጫ በሙከራ ጣቢያ ጥሩ ውጤት አሳየ። ወደ ገበሬው ማሳ ሲወርድ ግን ችግሩ ክብደት ሆነ። ክረምቱ ሲገባ በሬው ከበጋው የመኖ እጥረት ገና አላገገመም፤ አጥንቱ ይቆጠራል። የረጠበ ጥቁር አፈር ደግሞ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በጣቢያ በደንብ በተቀለበ በሬ የተፈተነው መሣሪያ በእንዲህ ያለው በሬ ጫንቃ ላይ ሌላ ሸክም ሆኖ ተገኘ። ገበሬው “ከባድ ነው” ባለ ጊዜ አዲስ ነገር ጠልቶ አልነበረም። ነዳፊዎቹም ይህን ሰምተው የእንጨቱን ክንፍ በብረት ለውጠዋል፤ መሣሪያውንም ለማቅለል ደጋግመው ሞክረዋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ኢትዮጵያዊው መሐንዲስ ዶክተር መለሰ ተመስገን በተለመደው ማረሻ ላይ የሚገጠም ቀለል ያለ መደብ ማውጫ አቅርበዋል።

በዚያው ዘመን ተነድፎ ሳይሰምር የቀረም መሣሪያ አለ። በደጋው አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብዙ በመሆኑ ኢልካ በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻና ለብቻው የሚሆን ቀንበር ሠራ። ሐሳቡ የድሃውን ገበሬ ችግር የተመለከተ ነበር፤ በሬውም ማረሱን አረሰ። ሆኖም መሣሪያው በገበሬው ዘንድ ሳይስፋፋ ቀረ። ገበሬው መቀናጆ አለው፤ አንዱ የአንዱን በሬ ከራሱ ጋር ጠምዶ ተራ በተራ ያርሳል። ጥንዱ ከነጠላው ይበረታል፤ ከዚያም በላይ በሬ መቀናጀት በአጨዳም፣ በሐዘንም የሚያገናኝ ዝምድና ነው። ነዳፊው የበሬውን ጉልበት ለክቷል፤ ጎረቤት ለጎረቤት ያለውን ግን በመለኪያው አላስገባም።

አሁንም ቢሆን ያልተፈታ ጉዳይ አለ። መደብ ማውጫው በይበልጥ የሚጠቅመው ለስንዴና ውሃ ለማይችሉ ሰብሎች ነው፤ ጤፍ እርጥበቱን ስለሚታገሥ ገበሬው በጠፍጣፋ ማሳ ላይ ይዘራዋል። ስለዚህ መሣሪያው በዓመት ለጥቂት ቀናት ተሠርቶበት የቀረውን ጊዜ ጎተራ ሥር ተጋድሞ ይከርማል። ለጥቂት ቀን ሥራ ገንዘብ አውጣ የተባለ ባለ ትንሽ መሬት ገበሬ ቢያመነታ አያስገርምም። ሁለት ሦስት ቤተሰብ በጋራ ቢገዛው፣ ወይም ባለ መሣሪያው እያከራየ ቢሠራበት ወጪው ይቀልላል። ዝናቡ ግን ለሁሉም በአንድ ሳምንት ይገባል፤ ተራ የደረሰው ይዘራል፣ ያልደረሰው ማሳው ውሃ ሲሞላ ያያል። የዚያ ማሳ እናትና ልጆችም እንደ ድሮው ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው ይዝቃሉ።