ቅቤው፣ ሰሊጡና ባዶው ሆድ፦ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ

በመተማ ዮሐንስ ከቀኝ ጎድኑ ሥር የሚያመው ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስም ብዙ ጊዜ «ጨጓራ» ነው። አልትራሳውንድ ታይቶ የሐሞት ከረጢት ጠጠር መሆኑ ሲታወቅ ሪፈሩ ወደ ጎንደር ይጻፋል። ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ፤ ከዚያ ደግሞ የቀዶ ሕክምና ወረፋ። ወረፋው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ወራትም ሊሆን ይችላል። ሕመምተኛው በዚህ ሁሉ ጊዜ በየማዕዱ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፦ ምን ልብላ?

ምክር ሰጪ አይጠፋም። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም፣ ሱዳን ደርሶ የመጣውም የሰማውን ይነግረዋል። ከምክሩ ውስጥ የሚጠቅም አለ፤ ሕመሙን የሚቀሰቅስም አለ። ለመለየት መጀመሪያ ሕመሙ ከየት እንደሚነሣ ማወቅ ይረዳል።

ሐሞትን የሚሠራው ጉበት ነው። ከረጢቱ ከጉበት ሥር ሆኖ ያጠራቅመዋል። ቅባት ያለው ምግብ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ አንጀቱ ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህን ጊዜ ከረጢቱ ተኮማትሮ ሐሞቱን ይለቃል። በከረጢቱ አፍ ላይ ጠጠር ከተሰነቀረ ግን ሐሞቱ መውጫ ያጣል፤ ሕመሙም ይጀምራል። ከቀኝ ጎድን ሥር ወይም ከእምብርት በላይ ጨምድዶ ይይዛል፤ ወደ ጀርባና ወደ ቀኝ ትከሻ ይዘልቃል፤ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል። አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ይለቃል። እራት ከብዶ በተበላበት ሌሊት መነሣቱም የተለመደ ነው።

ተረት 1፦ «በርበሬውን ተው፣ አልጫ ብላ፣ ይተውሃል»

እውነታ፦ ከረጢቱን የሚያኮማትረው በዋናነት ቅባት ነው። በርበሬ ጨጓራ ላለበት ሰው ሊያቃጥል ይችላል፤ የሐሞት ጠጠርን ሕመም የሚጠራው ግን እሱ አይደለም። ችግሩ በርበሬው ሲቀነስ ወጡ እንዳይለዝብ ቅቤው የሚጨመር መሆኑ ነው። «ለሕመምተኛው ቀለል ያለ» ተብሎ የሚቀርበውን የሥጋ አልጫ ልብ ብለው ይዩት፦ ላዩ ላይ ቢጫ ቅባት ተንሳፍፏል፣ እንጀራውም ርሶ ያብረቀርቃል። ከዚህ አልጫ ይልቅ በአንድ ማንኪያ ዘይት የተሠራ ቀይ የምስር ወጥ ለሐሞት ከረጢት ይሻላል።

ይህ በተለይ አራሶችን ይመለከታል። እርግዝና የሐሞት ጠጠር እንዲፈጠር ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ሕመሙ መጀመሩም እንግዳ አይደለም። አራስ ደግሞ የምትጠየቀው በገንፎና በአጥሚት ነው፤ የገንፎው ጉድጓድ በንጥር ቅቤ ይሞላል። ጠጠር እንዳለባት ለታወቀ እናት ገንፎው ይሠራላት፣ ቅቤው ግን ይቅርላት። እህሉ ራሱ ኃይል ይሰጣታል፤ እርጎው ወይም አሬራው ከጎን ይቀርብላታል።

ተረት 2፦ «የጾም ምግብ ቅባት የለውም»

እውነታ፦ መተማ የሰሊጥ አገር ነው። የሰሊጥ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። የሰሊጥ ፍትፍት፣ ጣሂና፣ ፉል ላይ የሚፈሰው የሰሊጥ ዘይት፣ ኦቾሎኒው፣ በዘይት የተጠበሰው ታሚያና ሳንቡሳ ሁሉ የጾም ናቸው፤ ቅባታቸው ግን ብዙ ነው። የሰሊጥ ዘይት ለልብና ለደም ሥር ከንጥር ቅቤ የተሻለ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ የሰሊጥም ሆነ የኑግ ወይም የሱፍ፣ 14 ግራም ያህል ቅባት አለው። አንጀት ደግሞ ቅባቱ ከፍሬ ይምጣ ከላም አይለይም፤ ሆርሞኑን ይለቃል።

ፉል መተው አያስፈልግም። ባቄላው ራሱ ጥሩ ምግብ ነው፤ ቅባቱ እጅግ ጥቂት ነው። ሲቀርብ «ዘይት አታድርጉበት» ማለት፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሎሚ አብዝቶ መብላት ይቻላል።

ተረት 3፦ «ሆድ ባዶ ሲሆን ጠጠሩ ያርፋል»

እውነታ፦ ምግብ ሲዘገይ ከረጢቱ አይለቅም፤ ሐሞቱ እዚያው ቆሞ እየወፈረ ይሄዳል። ምግብ ሳይበሉ ለረጅም ጊዜ መቆየትና በፍጥነት መክሳት አዲስ ጠጠር እንዲፈጠር ያግዛሉ። ከዚያም ሞልቶ የቆየው ከረጢት በአንድ ጊዜ ብዙ ቅባት ሲመጣበት በኃይል ይኮማተራል።

የፋሲካን ሌሊት ያስቡ። 55 ቀን ከቅቤና ከሥጋ የራቀ ሰው፣ ከቅዳሴ መልስ በባዶ ሆዱ ዶሮ ወጥ በንጥር ቅቤ፣ እንቁላሉን ጨምሮ ይበላል። በረመዳንም ቀኑን ሙሉ ውኃ ያልቀመሰ ሰው አፍጥሩን በተጠበሰ ሳንቡሳ ይጀምራል። ጠጠር ላለበት ሰው ሁለቱም አደገኛ ሰዓቶች ናቸው።

የሚሻለው ትንሽ ትንሽ እያሉ፣ በቀን አራትና አምስት ጊዜ፣ ሰዓቱን ጠብቆ መብላት ነው። ጾምን በተመለከተ ሕመምዎን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ የምታደርገው አስተያየት አላት። በእስልምናም ሕመምተኛ ያልጾማቸውን ቀናት በሌላ ጊዜ እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል። ፈቃዱ እያለ በሕመም ላይ ሕመም መጨመር አያስፈልግም። የሚጾም ሰው ደግሞ ማፍጠሪያው ቀላል ይሁን፦ ተምርና ውኃ፣ የምስር ሾርባ፣ ከጥቂት ቆይታ በኋላ እንጀራ። የፋሲካው ዶሮ ቆዳው ተገፎ በጥቂት ዘይት ቢሠራም በዓሉ በዓል ነው።

ተረት 4፦ «እንግዲያው ቅባት የሚባል አልቀምስም»

እውነታ፦ ይህም ማጋነን ነው። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ወደ ሰውነት የሚገቡት ከቅባት ጋር ነው። ቅባትን ፈጽሞ የሚያቆሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ በፍጥነት ይከሳሉ፤ በሳምንት ከ1.5 ኪሎ በላይ መቀነስ ደግሞ ራሱ ጠጠር ሊያፈራ ይችላል። ክብደት መቀነስ የሚያስፈልገው ሰው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቢቀንስ ይበቃዋል።

ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላ፤ ሊያር ሲል ጠብ ጠብ እያለ ውኃ ይጨመርበት። በርበሬውም በውኃ ይብሰል። ዘይቱ መጨረሻ ላይ በማንኪያ ተለክቶ ለቤተሰቡ ድስት አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ይግባ፤ ከጠርሙሱ በቀጥታ አይፍሰስ። የሽሮው ጣዕም ከነጭ ሽንኩርቱና ከቅመሙ ይመጣል።

ለቆላው ሰው የሚመቹ ምግቦች በእጅ ያሉ ናቸው፦ የማሽላ ወይም የጤፍ እንጀራ፣ ምስር፣ አተር ክክ፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ባሚያ፣ ሐብሐብ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ። ሥጋ ሲበላ ጮማው ተነሥቶ፣ ዓሣ ሲገኝ ተቀቅሎ ወይም በፍም ተጠብሶ። ወተት ለሚወድ አሬራ አለ፤ ቅቤው ተንጦ ወጥቶለታል። ከአሬራ የሚሠራ አይብም ቅቤ ካልተጨመረበት ቀላል ነው። እንቁላል አንዳንዱን ያመዋል፣ አንዳንዱን አያመውም። ስለዚህ ያመመዎትን ቀንና የበሉትን ምግብ በደብተር ይጻፉ፤ ለሐኪሙም ይጠቅመዋል።

ተረት 5፦ «ዘይትና ሎሚ ቀላቅለህ ጠጣ፣ ጠጠሩ ተጠርጎ ይወጣል»

እውነታ፦ ይህ ምክር ዓለምን የዞረ ነው። ጠጪው በማግስቱ አረንጓዴ እንክብል የሚመስሉ ነገሮች ከሰገራው ጋር ሲወጡ ያያል፤ «ወጣልኝ» ብሎም ይመሰክራል። በ2005 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ከኒውዚላንድ የመጣ አንድ ዘገባ አትሟል። የ40 ዓመት ሴት 600 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይትና 300 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ ጠጥታ ያወጣቻቸውን «ጠጠሮች» ለሐኪሞቿ አመጣች። ላቦራቶሪ ሲመረምራቸው ኮሌስትሮልም፣ ቢሊሩቢንም፣ ካልሲየምም አልተገኘባቸውም፤ ሦስት አራተኛው የቅባት አሲድ ነበር። በ40 ዲግሪ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ሲቆዩ ቀልጠው አረንጓዴ ዘይት ሆኑ። የጠጣችው ዘይት በሆዷ ውስጥ ወደ ሳሙና ተለውጦ ነበር። እውነተኛው የሐሞት ጠጠር የመተማ የመጋቢት ፀሐይ ላይ ቢሰጣ አይቀልጥም።

ምክሩ ከከንቱነቱም በላይ አደገኛ ነው። ይህን ያህል ዘይት በአንድ ሌሊት መጠጣት ከረጢቱን በኃይል ያኮማትረዋል። ጠጠሩ ከከረጢቱ ወጥቶ ዋናውን የሐሞት ቧንቧ ከዘጋ ጉበትንም ቆሽትንም ይጎዳል።

ተረት 6፦ «ውኃና ቢራ ያጥበዋል፤ ጠጠሩ ከእህል የገባ አሸዋ ነው»

እውነታ፦ ይህ ከኩላሊት ጠጠር ጋር የመጣ መደበላለቅ ነው። የኩላሊት ጠጠር በሽንት ቧንቧ ስለሚወርድ ውኃ መጠጣት ያግዘዋል። የሐሞት ከረጢት ግን ከሽንት ቧንቧ ጋር አይገናኝም። ጠጠሩም ከጤፍ ጋር የተዋጠ አሸዋ አይደለም፤ ሐሞት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ወይም ቢሊሩቢን ረግቶ የሚፈጠር ነው። በቆላው ሙቀት ውኃ በብዛት መጠጣት ለሰውነት ግድ ነው፤ ጠጠር ግን አያወርድም። ቢራና አረቄም ጮማን «አያቃጥሉም»፤ ቆሽት ላይ ሌላ ጣጣ ሊያመጡ ይችላሉ።

ተረት 7፦ «ትኩሳቱ ወባ ነው፤ ዓይኑ ቢጫ የሆነው የወፍ በሽታ ይዞት ነው»

እውነታ፦ ከሁሉም ተረቶች ሰው የሚገድለው ይህ ነው። በመተማ ትኩሳት ሲመጣ ወባን ማሰብ ትክክል ነው፤ ምርመራውም መደረግ አለበት። ካላዛርም የዚህ ቆላ በሽታ ነው፤ እሱ በዋናነት የሚያሳብጠው ግን በግራ ጎን ያለውን ጣፊያ ነው። የሐሞት ጠጠር እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ቀኝ ጎኑን እያመመው ካተኮሰውና ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ጠጠሩ ዋናውን የሐሞት ቧንቧ ዘግቶ ኢንፌክሽን ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርታን ሻርኮ እነዚህን ሦስት ምልክቶች አንድ ላይ የገለጸው በ1877 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ዛሬም ሐኪሞች ሲያዩዋቸው ይጣደፋሉ። ይህ በሥራሥር፣ በመተኮስ ወይም በምግብ ለውጥ የሚታከም አይደለም። ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ከተዛመተ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ሕይወት ያጠፋል።

ከሚከተሉት አንዱን ካዩ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ፦

• ለ5 ሰዓታት ያህል ሳይፋታ የቆየ ሕመም
• ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ
• የዓይን ወይም የቆዳ ቢጫ መሆን
• እንደ ጥቁር ሻይ የጠቆረ ሽንት፣ እንደ ኖራ የነጣ ሰገራ
• ውኃ እንኳ የማያስቀር ማስመለስ

ሲደርሱም «የሐሞት ጠጠር አለብኝ» ብለው ይናገሩ፤ የአልትራሳውንድ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። የወባ ምርመራው ወባ ቢያሳይ እንኳ ሐሞቱ አብሮ ይታይ፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የማይኬድባቸው ቀናት አሉ። ስለዚህ በመተማ ሆስፒታል መጀመር የሚችለው ሕክምና፣ ጉሉኮሱና ፀረ ተሕዋሲው፣ ሳይዘገይ እንዲጀመር ምልክቱ እንደታየ መሄድ ከሌላው አካባቢ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ተረት 8፦ «ቅባት ከቀነስኩ ወዲህ ስላላመመኝ ቀጠሮው ይቅር»

እውነታ፦ ሕመሙ ጋብ ማለቱ የጥንቃቄዎ ፍሬ ነው፤ ጠጠሩ ግን ያለበት አለ። አንዴ ሕመም ያመጣ ጠጠር መልሶ የማመም ዕድሉ ከፍተኛ ነው። «ጠጠሩን ብቻ አውጥተው ከረጢቱን ይተዉልኝ» የሚሉም አሉ። በ1882 እ.ኤ.አ. በርሊን ውስጥ የመጀመሪያውን የሐሞት ከረጢት ማውጣት ቀዶ ሕክምና ያደረገው ካርል ላንገንቡክ ይህን ጥያቄ መልሶታል፦ ከረጢቱ መውጣት ያለበት ጠጠር ስለያዘ ሳይሆን ጠጠር ስለሚያፈራ ነው። ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ጉበት ሐሞት መሥራቱን አያቆምም፤ ሐሞቱ በቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። አንዳንድ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ሰገራው ሊቀጥን ይችላል፤ አብዛኛው ግን ቀስ በቀስ ወደ ለመደው ማዕድ ይመለሳል፣ ቅቤውንም ጭምር ይቀምሳል።

ቅባቱን በማንኪያ ለክተው፣ ሰዓቱን ጠብቀው፣ ትንሽ ትንሽ እየበሉ ይቆዩ፤ ሕመም የማይቀሰቅስባቸው ሌሊቶች ይበዙልዎታል። የምግብ ጥንቃቄ ሥራው ይህ ነው፤ ጠጠሩን የማውጣቱ ሥራ የሐኪሙ ነው። ስለዚህ ባይታመሙም ቀጠሮዎን አይዝለሉ፤ መንገድ ተዘግቶ ካለፈዎት ደግሞ በማግስቱ ደውለው ወይም ሰው ልከው አዲስ ቀን ያስይዙ።