«ታማ ሞተች» ለሐኪም አይበቃም

በዘመዶቿ ላይ የደረሰው የጡት ካንሰር የሚያሳስባት ሴት ናይሮቢ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ምርመራው የሚጀምረው በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው። በቤተሰቧ የዘር ሐረግ ሥዕል ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን ይሣላል፤ ካንሰር የያዘው ሰው ምልክት ይጠቁራል፤ አጠገቡ ሕመሙ የታወቀበት ዕድሜ ይጻፋል። ናይሮቢ በምንኖር ሐበሾች ዘንድ ሥዕሉ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። አክስት «ታማ ሞተች» ተብሎ ቀርቷል። የበሽታው ስም ከተነሣ ሴት ልጆቿን የሚያገባ ይጠፋል ተብሎ ተፈርቷልና።

ሕመሙ የታወቀበት ዕድሜ ግን ብዙ ይወስናል። ኬንያ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ብሔራዊ የካንሰር ልየታ መመሪያ ለአብዛኞቹ ሴቶች ማሞግራምን (የጡት ራጅን) ከ40 ዓመት ጀምሮ ይመክራል። እናቷ ወይም እህቷ የታመመችባት ሴት ሥጋቷ በእጥፍ ገደማ ስለሚጨምር ሐኪሞች ዘመዷ ከታመመችበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀንሰው የማስጀመር ልማድ አላቸው። እናት በ42 ከታመመች ልጅ በ32 ትጀምራለች። በዚያ ዕድሜ ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ማሞግራሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ዕጢም ነጭ ነውና ሊሸሸግ ይችላል። ሥጋታቸው እጅግ ከፍ ላለ ሴቶች ኤምአርአይ የሚጨመረው ለዚህ ነው፤ እሱ ደግሞ የብዙ ኬንያውያንን አቅም ይፈታተናል። መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. ለ98 ሆስፒታሎች መሣሪያ ሲከራይ ማሞግራምም ነበረበት፤ ምስሉን የሚያነቡ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው ያሉት ናይሮቢና ትልልቅ ከተሞች ነው።

የዘመድ ሕመም የሚጠየቀው በሽታው በዘር ሊወረስ ስለሚችል ነው። የዘረመል ተመራማሪዋ ሜሪ ክሌር ኪንግ በ1990 እ.ኤ.አ. የበሽታውን ውርስ ክሮሞዞም 17 ላይ አመለከተች፤ ቢአርሲኤ 1 የተባለው ዘረመል ራሱ በ1994 ተገኘ። ከ100 የጡት ካንሰር ሕሙማን እንዲህ በውርስ የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች ሴት «በዘራችን የለም» ብላ አትዘናጋ። ውርሱ በአባት በኩልም ይመጣል፤ የአባት እህት ከሥዕሉ መቅረት የለባትም።

ሥዕሉን የሚሞላው ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደሴ የሚደወል ስልክ ነው። «እትዬ፣ እማዬን ያመማት ጡቷን ነበር? ስንት ዓመቷ ነበር?» የልደት ቀን ላይታወቅ ይችላል። «ደርግ ሲገባ ሁለተኛዋን ልጅ ታጠባ ነበር» የሚል መልስ ከመጣ፣ ሐኪሙ ዕድሜውን ከዚያ በግምት ያሰላዋል።