ከአፈር ጋር የሚሄደው ውኃ

በደረቃማ አካባቢዎች ምርት ሲቀንስ ወደ ሰማይ እናንጋጥጣለን። ይሁን እንጂ ሰብል የሚያድገው በዘነበው ውኃ ሁሉ ሳይሆን አፈሩ ይዞ በሚያቆይለት ነው። እስቲ እናስላ። ከ1 ሄክታር ማሳ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ 100 ሜትር ኩብ አፈር ይጠፋል። ይህ አፈር ለሰብል የሚሆን ውኃ የይዘቱን 15 በመቶ ያህል ይይዝ ነበር ብንል፣ ማሳው የ15,000 ሊትር ማጠራቀሚያ አጣ ማለት ነው። ዝናቡ ለጥቂት ቀናት ሲቋረጥ በጥልቅ አፈር ላይ የበቀለው ማሽላ ይታገሣል፤ በስስ አፈር ላይ ያለው ግን ይጠወልጋል።

የጎርፍ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ፣ የእያንዳንዱ ሊትር የእንቅስቃሴ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በመዘገበው መልክዓ ምድር የሚኖሩት የኮንሶ ገበሬዎች በድንጋይ እርከኖቻቸው ለብዙ ትውልድ የሠሩት ይህንኑ ነው። ያለፈ ዝናብ በሌላ ወቅት ይተካል፤ የታጠበ አፈር ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አይተካም።