ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ለመሄድ ምን ያስፈልጋል?

የጂኦግራፊ መምህራችን «አንድ ሩቅ አገር ምረጡና የጉዞ ዕቅድ አውጡ» ብለው የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። እኔ ሲሸልስን መረጥኩ። ቤት ስናገር ታላቅ እህቴ «ብሩስ?» ብላ ሳቀችብኝ። ብሩ አሁን የለም፤ ዕቅድ ማውጣት ግን በነጻ ነው። ስለዚህ ያገኘሁትን በየተራ ላስረዳችሁ።

1ኛ. የት ነው?
ሲሸልስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉ 115 ደሴቶች ያሏት አፍሪካዊት አገር ናት። ከአፍሪካ የብስ ወደ 1,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ ማሄ በሚባለው ትልቁ ደሴት ላይ ትገኛለች። የሕዝቧ ቁጥር መቶ ሺህ ገደማ ነው፤ ከአንዳንድ ወረዳዎቻችን ያንሳል ማለት ነው። በጣም ሩቅ ስለሆነች እንግሊዞች የሚፈሯቸውን ሰዎች በግዞት ይልኩባት ነበር። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1924 እዚያ ታስረው ኖረዋል። ሲሸልስ ራሷ ነጻ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው።

2ኛ. መቼ እንሂድ?
ይሄ ነው ያስገረመኝ። እዚያ ዝናብ የሚበዛው በታኅሣሥና በጥር ነው። እኛ ጋ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ እዚያ ዝናቡ ይቀንሳል። ስለዚህ የክረምት ዕረፍታችን ለጉዞው ይመቻል! ግን አንድ ችግር አለ፤ በዚያ ወቅት ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። መኪና የሚያስመልሰው ልጅ ጀልባ ላይ ይጠንቀቅ። ባሕሩ ጸጥ የሚለው በሚያዝያና በጥቅምት ገደማ ነው።

3ኛ. በምን እንሂድ? ምን ወረቀት ይዘን?
ከአዲስ አበባ ማሄ በአውሮፕላን አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ቪዛ ግን አይጠይቁም። ሆኖም ከመሳፈር በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ ይሞላል። የመመለሻ ቲኬት፣ የምናድርበት ቦታ ማረጋገጫ እና ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ይጠየቃል። ብዙው ዕቃ ከውጭ በመርከብ ስለሚገባ ኑሮው ውድ ነው፤ ገንዘቡ ሩፒ ይባላል።

4ኛ. ምን እናያለን?
ከማሄ ፕራስሊን ወደሚባለው ደሴት ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። እዚያ ቫሌ ደ ሜ የሚባል የዘንባባ ደን አለ። በዓለም ትልቁን የዛፍ ዘር የምታገኙት እዚህ ነው፤ አንዱ እስከ 25 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ በሁለት ፍሬ ማለት ነው! ያለ ፈቃድ ወረቀት ግን ከአገር ይዞ መውጣት ክልክል ነው።

እኔ በጣም ማየት የምፈልገው አልዳብራን ነው። ከማሄ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አውሮፕላን ማረፊያ የለውም፣ ሆቴል የለውም፣ ያለ ፈቃድ አይገባም። በቋሚነት ያሉት ጥቂት ተመራማሪዎችና ጠባቂዎች ብቻ ናቸው። የደሴቱ ባለቤቶች ከመቶ ሺህ የሚበልጡ ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱ ወንድ ኤሊ እስከ 250 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ዕድሜያቸውም ከመቶ ዓመት ያልፋል።

5ኛ. ምን አንያዝ?
ሰው የማይኖርበት ቦታ ንጹሕ ይመስለኝ ነበር። ግን እ.ኤ.አ. በ2019 በጎ ፈቃደኞች አልዳብራ ሄደው 25 ቶን ቆሻሻ ሰበሰቡ። ገና 500 ቶን ገደማ እንደቀረ አጥኚዎች ገመቱ። አብዛኛው የዓሣ ማጥመጃ መረብና ገመድ ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ነጠላ ጫማም አለበት። ነጠላ ጫማውን የጣለው ኤሊ አይደለም፤ ባሕሩ ከሩቅ ያመጣው ነው። የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው ሲወጡ ይሄ ሁሉ መንገዳቸውን ይዘጋል።

«እኛ ባሕር የለንም፣ ምን አገባን?» የሚል ካለ ካርታውን ይመልከት። ገናሌ ወንዝ ከዳዋ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ይሆናል፤ ጁባም ሶማሊያን አቋርጦ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። በዚያ ወንዝ ላይ የተጣለ ላስቲክ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ ከእኛ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። ሲሸልስ እ.ኤ.አ. በ2017 የላስቲክ ከረጢት ስለከለከለች ሻንጣችሁ ውስጥም ፌስታል አትያዙ።

ዕቅዴ ይሄው ነው። ቀኑ አልተቆረጠም፣ ብሩም አልተጠራቀመም። ያለ ፓስፖርት ዛሬ መጀመር የሚቻለው ግን 5ኛው ነው። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጀርባ ያለችው ቦይ የት እንደምትገባ የሚያውቅ ተማሪ መልሱን በሚኒ ሚዲያ ሣጥን ያስገባ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ደህና ሁኑ!