ልባሽ ጨርቅና የሐዋሳ ሸሚዝ

የጉምሩክ ኮሚሽን ያዝኩት እያለ የሚያወጣውን የኮንትሮባንድ ዝርዝር ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? አደንዛዥ ዕፁ፣ የጦር መሣሪያው፣ ሲጋራው፣ ኤሌክትሮኒክሱ ይደረደራል፤ ከመካከላቸው ደግሞ ልባሽ ጨርቅ የሚለው አይጠፋም። ሰው ለብሶ የተወው ሸሚዝና ጂንስ ማለት ነው። ዕፅና መሣሪያ ተደብቆ ቢገባ አይገርመኝም። አሮጌ ሸሚዝ ግን ምን አግኝቶት ነው ተደብቆ ድንበር የሚሻገረው?

አጭሩ መልስ ቀላል ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ክልክል ነው፣ ገበያው ግን ይፈልገዋል። የልባሽ ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ጠብቆ የሚሄድ ዘመድ ወይም ጓደኛ የሌለው ያለ አይመስለኝም። “ሰልቫጅ ይሻላል፣ ጨርቁ ጠንካራ ነው” ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም እውነታቸውን ነው። ረጅሙ መልስ ግን በጣም ያስደስታል፤ ትንሽ ታገሱኝ።

አንድ አሜሪካዊ ወይም ጀርመናዊ ቁም ሣጥኑን ሲያጸዳ የማይፈልገውን ልብስ መንገድ ዳር በቆመ የልገሳ ሣጥን ውስጥ ይከታል። ለችግረኛ ሰጥቻለሁ ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶቹ ግን የሚመጣላቸውን ሁሉ በራሳቸው ሱቅ ሸጠው አይጨርሱትም፤ የተረፈውን በኪሎ ለነጋዴ ያስረክባሉ። ነጋዴው በየዓይነቱ አስለይቶ፣ በማሽን አስጨምቆ፣ ቦንዳ አድርጎ በኮንቴይነር ይጭነዋል። ከዚህ በኋላ ስጦታነቱ ቀርቶ ሸቀጥ ሆኗል። ለምሳሌ በጋናዋ አክራ ያለው ገዢ ቦንዳው እንደታሰረ ነው የሚገዛው፤ ሲፈታው የተቀደደም፣ ላብ የበላውም፣ ለጋና ሙቀት የማይሆን የበረዶ ጃኬትም ሊወጣለት ይችላል። ዕዳው የእሱ ነው።

አክራ የሚገኘው ካንታማንቶ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የልባሽ ገበያዎች አንዱ ነው። እዚያ የሚሠራው ኦር ፋውንዴሽን እንደሚገምተው በየሳምንቱ 15 ሚሊዮን ገደማ ልብስ ይገባበታል። የጋና ሕዝብ ደግሞ ሁሉ ተደምሮ 35 ሚሊዮን ገደማ ነው! የገበያው ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ያጥባል፣ ያቀልማል፣ ቀዶ እንደገና ይሰፋል። እኔ እንደማስበው በዓለም ላይ ልብስን ከሞት የሚያስነሳ ባለሙያ ካለ እነሱ ናቸው። እንደዚያም ሆኖ ሁሉን ማዳን አይችሉም። የማይሸጠው ወደ ቱቦ ይገባል፣ ቱቦው ወደ ባሕር ያወጣዋል፣ ማዕበሉ ደግሞ አጠላልፎና በአሸዋ ሞልቶ ወደ ዳርቻው ይመልሰዋል። ቺሊ ውስጥ ደግሞ በኢኪኬ ወደብ ገብቶ ገዢ ያጣው በአታካማ በረሃ ተከምሯል።

ግን ከመነሻው ለምን ይህን ያህል ይመረታል? ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብክነቱ የስሌት ስህተት አይደለም፣ ስሌቱ ራሱ ነው።

አንድ የልብስ ኩባንያ 10,000 ሸሚዝ እሸጣለሁ ብሎ ቢገምት 10,000 ብቻ አያዝም፤ ጨምሮ ያዛል። ፋብሪካው ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ሸሚዝ መጨመር የሚጠይቀው ጥቂት ዶላር ነው። ገዢ መጥቶ ልኩን አጥቶ ቢመለስ ግን ኩባንያው የሚያጣው ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆነ ትርፍ ነው። ስለዚህ ከሚያንስ ይትረፍ። የተረፈው በቅናሽ ይወጣል፤ ገዢውም ቀስ በቀስ ቅናሽ እስኪመጣ ጠብቆ መግዛትን ይለምዳል። ስማቸው ውድ የሆኑት ኩባንያዎች ይህን በጣም ይፈሩታል። የእንግሊዙ በርበሪ እ.ኤ.አ. በ2017/18 የበጀት ዓመቱ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትና ቀኖችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) 28.6 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያወጣ ያልተሸጠ ዕቃ ማውደሙን በገዛ ሪፖርቱ ጻፈ። ሰው ሲቆጣ በ2018 ልማዱን እንደሚተው አስታወቀ። ፈረንሳይ ደግሞ በ2020 ባወጣችው ሕግ ያልተሸጠ ልብስ ማቃጠልን ከለከለች።

ኤለን ማካርተር ፋውንዴሽን በ2017 ባወጣው ጥናት መሠረት የዓለም የልብስ ምርት በ15 ዓመት ውስጥ እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ አንድ ልብስ እስኪጣል የሚለበስበት ጊዜ ብዛት ግን ከሲሶ በላይ ቀንሷል። ዛሬ ከሚመረተው የጨርቅ ጭረት ከግማሽ በላይ የሆነው ፖሊስተር ነው፤ ምንጩም ነዳጅ ዘይት ነው። (በየበዓሉ የምናየው፣ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ርካሽ የሀበሻ ቀሚስም ብዙው ከዚሁ ወገን ነው፤ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በጥጥ ድርና ማግ ከእሱ ጋር በዋጋ እንዴት ይፎካከር?) ጥጥም ቢሆን በነፃ አይመጣም፤ ለአንድ ቲሸርት የሚሆነውን ጥጥ ለማብቀል 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ ይሄዳል። ሁለቱ ተደባልቀው ከተሸመኑ ደግሞ መልሶ መለየቱ ከባድ ነው። ያረጀ ልብስ ተመልሶ አዲስ ልብስ የሚሆነው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

አሁን አዲሱ ልብስ ወደሚሰፋበት ወደ ሐዋሳ እንምጣ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ዋናው ተስፋ አጎዋ ነበር፤ የአፍሪካ አገሮች ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲልኩ የወጣው የአሜሪካ ሕግ ማለቴ ነው። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገርን የሚያመርተው ፒቪኤች ገባ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እንዳወጡት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር፤ በጊዜው ካነጻጸሯቸው ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። ባንግላዴሽ እንኳ 95 ዶላር ትከፍል ነበር። በ26 ዶላር የቤት ኪራይ ከፍሎ መብላት ስለማይቻል ልጆቹ ሥራውን እየጣሉ ይሄዱ ነበር። በ2021 መጨረሻ ፒቪኤች ለቆ መውጣቱን አስታወቀ፣ ጥር 1 ቀን 2022 ደግሞ ኢትዮጵያ በሰሜኑ ጦርነት የተነሳ ከአጎዋ ታገደች።

እስቲ ይህንን ከሩዋንዳ ጋር አስተያዩት። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2016 የልባሽ ልብስን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማሙ፤ የራሳችን ፋብሪካ መተንፈሻ ያግኝ ብለው። ሩዋንዳ ቀረጡን በኪሎ ከ0.20 ዶላር ወደ 2.50 ዶላር አደረሰችው። የአሜሪካ የልባሽ ነጋዴዎች ማኅበር ለአገሩ መንግሥት አቤት አለ፤ ይህ ከአጎዋ ግዴታ ጋር ይጋጫል ብሎ። ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ወደኋላ አሉ። ሩዋንዳ አልሰማ አለች፤ በሐምሌ 2018 አሜሪካ የሩዋንዳን ልብስ ከቀረጥ ነፃ ዕድሉ አገደችው።

ገባችሁ? ሐዋሳ አዲሱን ሸሚዝ እንድትልክ በር የከፈተው ሕግ፣ አሮጌው ሸሚዝ ወደ ኪጋሊ እንዳይገባ በሩን ለመዝጋት የሞከረችውን ሩዋንዳን መቅጫ ሆነ። አዲሱን ርካሽ የሚያደርገው የሐዋሳዋ ልጅ ደመወዝ ነው፤ አሮጌውን ዓይን ከሚያየው ቦታ የሚያነሳው የአክራው ነጋዴ ኪስ ነው። ሱቁ የሚቆርጠው ደረሰኝ ላይ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ገዢው ሳያስብ ይገዛል፤ እኔ ብሆንም በዚያ ዋጋ ሳላስብ እገዛ ነበር። ለዚህ ነው “ትንሽ ግዙ፣ የተቀደደውን ለሰፈራችሁ ልብስ ሰፊ ስጡ” የሚለውን ምክር ብወደውም ብቻውን የትም አያደርሰንም የምለው።

ደረሰኙን የሚነካ ነገር ግን ተጀምሯል። ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ልብስ ለገበያ ያቀረበ ኩባንያ ካገለገለ በኋላ ለሚሰበሰብበትና ለሚለይበት ጥቂት ሳንቲም በቅድሚያ ይከፍላል። ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት አባል አገሮች ሁሉ አሮጌ ጨርቅን ከሌላ ቆሻሻ ለይተው መሰብሰብ ግዴታቸው ነው። የበለጠ ከተሰበሰበ የሚታሰረውም ቦንዳ ይበዛል። ልብሱ ባሕር ሲሻገር ግን የተከፈለለት ሳንቲም አውሮፓ ይቀራል። በ2023 የካንታማንቶ ነጋዴዎች ብራስልስ ድረስ ሄደው የጠየቁትም ይህንኑ ነው፤ ልብሱ እኛ ዘንድ የሚመጣ ከሆነ የማስወገጃ ክፍያውም አብሮት ይምጣ።