የመደብ ሽንኩርትና የቴሌቪዥን ጥቅል

በጥር ወር አንድ የገበያ ቀን ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጡ አባት ስማርት ካርዳቸውን ከመሐረብ ፈትተው ባንኮኒዬ ላይ አስቀመጡ። ነጭ ሽንኩርት ሲሸጡ መዋላቸውን ገና ከበሩ ሽታው ይናገራል። "ልጄ፣ ኳሱ ጠፋብን። የባለቤቴ ድራማ አለ፤ የልጁ ኳስ ነው የጠፋው" አሉኝ። ቁጥሩን አስገብቼ ሳየው የተከፈለበት ዝቅተኛው ጥቅል ነው። ኳሱ አልጠፋም፤ እሳቸው በከፈሉት ውስጥ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ለበዓል ሰሞን ተከፍቶ ያዩት፣ ጊዜው ሲያልቅ ተዘጋ።

እኔ ደምቢያ ውስጥ፣ ቆላ ድባ ላይ ዲሽ እተክላለሁ፣ ሪሲቨር እጠግናለሁ፣ ወርሃዊ ክፍያም እሞላለሁ። ከሥራው ሁሉ የሚከብደኝ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ሳይሆን ይህን ማስረዳቱ ነው። ያን ቀን ያገዘኝ የራሳቸው ሸቀጥ ነው። "አባቴ፣ ሽንኩርቱን በመደብ ሲሸጡ ትልልቁን ከላይ አይደል የሚያደርጉት?" አልኳቸው። "አዎ፤ ታዲያ ጥቃቅኑን ማን ይወስድልኛል?" አሉ። "ቴሌቪዥኑም የሚሸጠው በመደብ ነው። ኳሱ ከላይ የተቀመጠው ትልቁ ነው፤ እሱን የፈለገ ከሥር ያለውን የማያየውን ቻናል ሁሉ አብሮ ይገዛል።" ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "በኪሎ አይሸጥም?" አሉ።

ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ቆላ ድባ ቴሌቪዥንን ለረጅም ጊዜ ያየችው ያለ ወርሃዊ ክፍያ ነው። በ2012 የአገር ውስጥ ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት መዛወር ሲጀምሩ፣ ለናይልሳት ወደ ምዕራብ የዞረውን ሳህን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ 57 ዲግሪ ለመመለስ ከቤት ቤት ስዞር ከረምኩ። ኳስ ለሚወድ ደግሞ በዚያው ሳህን ላይ ሁለተኛ ኤልኤንቢ (መቀበያ) ከጎን ይታሰርና ከ52.5 ዲግሪ፣ ከያህሳት፣ የታጂኪስታኑን ቫርዝሽ ያመጣል። ኤልኤንቢውን በጣት ስፋት እየገፋሁ፣ ከታች ያለው ልጅ "መጣ! መጣ!" ብሎ እስኪጮህ የምጠብቅበትን ጊዜ እወደዋለሁ።

ክፍያ ወደ እኛ በደንብ የገባው በ2013 ነው። ሱፐርስፖርት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ገብቶ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን በዲኤስቲቪ ማስተላለፍ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው፤ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳውም በዚያው ዓመት። ጎንደር ለእኛ ቅርብ ናት፤ የክለቡ፣ የዐፄዎቹ፣ ደጋፊ የሌለበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ለቴሌቪዥን ሳንቲም አውጥተው የማያውቁ ሰዎች ሱቄ ድረስ መጡ። አቦል የተባለው የዲኤስቲቪ ቻናልም በዚያው ዓመት የአማርኛ ድራማ ይዞ ተከፈተ። ጎጆ፣ ቤተሰብ፣ ሜዳ የሚሉት የጥቅል ስሞች ለጆሮ ቅርብ ናቸው፤ በውስጣቸው ያለውን ግን ስሙ አይነግርም።

በሌላው ዓለም ነገሩ ዞሮ ከተነሳበት ደርሷል። አሜሪካ ውስጥ ሰዉ የኬብሉን ጥቅል ትቶ ወደ ኔትፍሊክስ ሄደ። ከዚያ ሁሉም ኩባንያ የየራሱን ከፈተና ክፍያው በዛ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዲዝኒ ሦስት አገልግሎቶቹን አንድ ላይ አስሮ በ12.99 ዶላር አቀረበ፤ በ2024 ደግሞ የኬብሉ ድርጅት ኮምካስት ፒኮክን፣ ኔትፍሊክስንና አፕል ቲቪ ፕላስን በ15 ዶላር ጠቀለለ። እኛ ጋ ይህ ሁሉ የዶላር ካርድና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይጠይቃል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን፣ በአማራ፣ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ የተዘጉ ቻናሎችን በኢንተርኔት የሚከፍተውን፣ ሰርቨር የሚባለውን የዓመት ኮድ የገዙ ደንበኞቼ በማግሥቱ ጨለማ ስክሪን ፊት ተቀመጡ። ለሦስቱ የሸጥኩላቸው እኔ ነበርኩ። ኮዱ ያለ ኢንተርኔት እንደማይሠራ አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ሰርቨር አልሸጥም።

ጥቅል ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እናት ለድራማ የምትሰጠውን ብር ለኳስ አትሰጥም፤ ልጁም እንደዚያው ለድራማ አይሰጥም። ሁለቱ ታስረው በአንድ ዋጋ ሲመጡ ስድስት ሰው ያለበት ቤት ይጠቀማል። የሚጎዳው ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር፣ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ጨዋታ ብቻ የሚያይ መምህር ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን የቀኑ ነገር ነው። የወሩ ክፍያ የተሠራው ደመወዝ ለሚቀበል ቤት ነው። የደምቢያ ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ሽንብራው፣ በርበሬው፣ ሽንኩርቱ ሲሸጥ ነው። መብራት ለአራት ቀን ሲጠፋ የተከፈለበት ቀን አይቆምም፤ ይቆጥራል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ክፍያው እየጨመረ ነው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ የባከነ ቀን ዋጋ አለው። ስልኩን ተመልከቱ፦ ያው ገበሬ የኢንተርኔት ጥቅል ሲፈልግ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር መርጦ ይገዛል። ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ ስታርታይምስ ቴሌቪዥንን በቀንና በሳምንት ይሸጣል። እኛ ጋ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። በኪሎ ማለት ለእኔ ይኼ ነው፤ እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው መቸርቸር እንኳ ባይቻል፣ ቀኑን መቁረጥ ይቻላል።

እስከዚያው ካርድ ከመሙላቴ በፊት አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ቤት ውስጥ ማን ምን ያያል?

አባትየውም ቆጥረው መለሱልኝ። ልጁ በክረምት እርሻ ላይ ስለሆነ ኳስ አያይም፤ ባለቤታቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ድራማዋን ትፈልጋለች። እስከ ክረምት ኳስ ያለበትን ከፍ ያለውን እንዲይዙ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ታችኛው እንዲመለሱ ተስማማን። የወሩ ክፍያ የሚያልቅበትን ቀን በፕላስተር ላይ ጽፌ ካርዱ ጀርባ ላይ ለጠፍኩት። መሐረቡን ሊቋጥሩ ሲሉ ቆም አሉ።

"የእሷ ድራማ ግን አብሮ አለ?"

"አለ አባቴ።"

ቋጥረው ወጡ።